ከውድድር መኪና ወለል ሥር የሙቀት መከላከያ መግጠም፦ ከደብረ ብርሃን ጋራዥ የተገኘ ተሞክሮ

ባለመኪናው ጋራዤ እንደደረሰ በመጀመሪያ ያደረገው የቀኝ እግሩን ጫማ አውልቆ ሶሉን ማሳየት ነበር። ሶሉ ተረከዙ ላይ ለስልሶ፣ የወለሉን ላሜራ ጎድጓዳ መስመሮች እንደ ማኅተም ቀርጾ ይዟል። «ጋሼ፣ ሞተሩ ከልክ በላይ አይሞቅም፤ የራዲያተሩም ውሃ አልጎደለም፤ ወለሉ ግን ምጣድ ሆኗል» አለኝ። ጊዜው ጥር 2010 ዓ.ም. ነበር፤ በከተማችን ዙሪያ ያለው ሜዳ በውርጭ ነጥቶ የሚያድርበት፣ ሰው ጋቢውን ደርቦ ፀሐይ የሚሞቅበት ወር። በእንዲህ ያለ ብርድ የመኪና ወለል ጫማ ሊያቀልጥ መቻሉን በዓይኔ ባላይ ኖሮ ለማመን እቸገር ነበር። ወለሉን ለማቀዝቀዝ ምን እንደሠራሁ፣ በመጀመሪያ የት እንደተሳሳትኩና ኋላ እንዴት እንዳረምኩት የምጽፈው፣ ተመሳሳይ ሥራ እጃቸው የሚገባ መካኒኮችና የውድድር መኪና የሚያዘጋጁ ወጣቶች እኔ የሳትኩትን እንዳይደግሙት በማሰብ ነው።

መኪናዋ የኋላ ጎማዋ የሚነዳ የቆየች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ለጠጠር መንገድ ውድድር ስትዘጋጅ ክብደቷ እንዲቀንስ ምንጣፏ፣ ከምንጣፉ ሥር የነበረው ወፍራም ጨርቅና ወለሉ ላይ የተለጠፈው የሬንጅ ንጣፍ ሁሉ ተነቅለው ወጥተዋል። የጭስ ማውጫ ቧንቧዋም ሰፋ ባለ ቧንቧ ተተክቷል፤ ቧንቧው በመስፋቱና ከድንጋይ እንዲርቅ ወደ ላይ ተጠግቶ በመታሰሩ በእሱና በወለሉ መካከል የቀረው ክፍተት አንዳንድ ቦታ ላይ ጣት የሚያስገባ አልነበረም። ፋብሪካው ከማርሚታው (የጭሱን ድምፅ ከሚያፍነው ሳጥን) በላይ አስሮት የነበረው ስስ የመከላከያ ላሜራ ደግሞ በዚያው ሥራ ወቅት «ድምፅ ያመጣል» ተብሎ ተጥሏል። በሌላ አነጋገር፣ ሙቀቱን ያስቆሙ የነበሩት ነገሮች አንድ በአንድ ተነሥተው ሙቀቱ ራሱ ጨምሯል። የውድድር መኪና ወለል ከቤት መኪና ወለል ይበልጥ የሚግለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው «የእኛ አገር ብርድ ስለሆነ መኪና አይግልም» ሲል እሰማለሁ። ይህ አስተሳሰብ እኔንም ለዓመታት አታሎኛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በአቅራቢያዋ ያለው የጣርማ በር ተራራ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቧንቧንና ማርሚታን የሚያቀዘቅዘው አጠገባቸው የሚያልፈው አየር ስለሆነ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም መጠኑ ሲያንስ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ሞተሩም በሳሳው አየር ጉልበቱ ስለሚቀንስ አሽከርካሪው ጋዙን ረግጦ በዝቅተኛ ማርሽ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ መኪናዋ በዝግታ እየወጣች ሞተሩ ግን በሙሉ ኃይሉ ይሠራል ማለት ነው። በዚህ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ማለቱ ፈሳሽን በቀላሉ ያፈላል፤ በደብረ ብርሃን ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ለዚህ ነው። ቤንዚንም እንዲሁ ነው፤ በጋለ ቧንቧ አጠገብ የሚያልፍ የነዳጅ መስመር ውስጥ ቤንዚኑ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ሞተሩ በዳገቱ መሃል እየተቆራረጠ ይቆማል። በዚህች መኪና ላይ ባለው የኬ ዓይነት ሞተር ካርቡራተሩና (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ብረት) በአንድ ጎን፣ አንዱ ከሌላው በላይ የተቀመጡ በመሆናቸው ችግሩ ይብሳል።

ላሜራ ከመቁረጤ በፊት ሙቀቱ ከሚገባው በላይ የሆነበት ምክንያት እንዳለ መረመርኩ። ይህን ደረጃ መዝለል ትልቅ ስሕተት ነው እላለሁ፤ የታመመ ሞተርን ወላፈን በላሜራ መሸፈን በሽታውን መደበቅ ነውና። ማታ የጋራዡን መብራት አጥፍቼ ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር ለጥቂት ደቂቃ ሳሠራው ማኒፎልዱ ደብዛዛ ቀይ ሆኖ ታየ። ብረት በጨለማ ውስጥ መቅላት የሚጀምረው በ525 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ ጭነት ሳይኖርበት በጋራዥ ውስጥ ቆሞ እዚያ ከደረሰ በዳገት ላይ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ምክንያቱ የእሳቱ ጊዜ መዘግየት ነበር፤ ቤንዚኑ ዘግይቶ ሲቀጣጠል ቃጠሎው በሲሊንደሩ ውስጥ ሥራውን ሳይጨርስ ከነግለቱ ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል። ጊዜውን ካስተካከልኩ በኋላ መቅላቱ ጠፋ። ቀጥሎም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሥቼ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ስይዝ፣ ማኒፎልዱ ከቧንቧው በሚገናኝበት ቦታ የ«ጭስ ጭስ» ድምፅ ተሰማ። በመገናኛው ያለው ማሸጊያ (ጓርኒሲዮኑ) ተበልቶ በዚያች ቀዳዳ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ በቀጥታ ወለሉን ይመታ ነበር። እሱንም ቀየርኩ። በእነዚህ ሁለት ሥራዎች ብቻ የወለሉ ግለት በሚታወቅ መጠን ቀነሰ፤ ያም ሆኖ ተረከዝ የሚያስቀምጥ አልሆነም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስሕተቴ ልምጣ። በእጄ የነበረው የጣሪያ ቆርቆሮ ነበር። ቆርቆሮውን በወለሉ ቅርጽ አጥፌ፣ በእሱና በወለሉ መካከል የብርጭቆ ሱፍ ጠቅጥቄ ሞላሁና አጥብቄ አሠርኩት። ሱፍ ሙቀት ስለማያሳልፍ ወፍራም ሲሆን ይሻላል ብዬ ነበር ያሰብኩት። ማሠሪያ እግሮቹንም ከዚያው ቆርቆሮ ቆርጬ በየድኳቸው። በዚያ ሌሊት ብርድ ብርድ ብሎኝ፣ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት አድሮብኝ እስኪነጋ አልተኛሁም። ቆርቆሮ የተለበጠበት ዚንክ በብየዳ እሳት ሲተን የሚወጣው ነጭ ጢስ እንዲህ ያለ ሕመም ያስከትላል፤ ጢሱ ከተሳበ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይነሣና በአብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። ከብየዳ በፊት ወተት መጠጣት ያድናል የሚለው በየጋራዡ የተለመደ ምክር ጢሱን ከሳንባ አያግደውም። የተለበጠ ቆርቆሮ መበየድ የግድ ከሆነ ልባጡ ከሚበየደው ቦታ ሰፋ ብሎ ይፋቅ፣ ሥራውም ነፋስ በሚያልፍበት ደጅ ይሁን። ለዚህ ሥራ ግን ብየዳ ጨርሶ አያስፈልግም።

ያ መከላከያ ሦስት ሳምንት አገለገለ። ከዚያ በኋላ ባለመኪናው የተቃጠለ ዘይት ሽታ እንዳለ ነገረኝ። ስፈታው የብርጭቆ ሱፉ ከወንዝ መሻገሪያ የጠጣውን ውሃና ከካምቢዮው የሚንጠባጠበውን ዘይት አምቆ ይዟል፤ ሱፉ ራሱ ባይቃጠልም በውስጡ ያለው ዘይት መጨስ ጀምሮ ነበር። የወለሉ ላሜራም በርጥበቱ ዝጎ ቅርፊት አንሥቷል። ይህን ባየሁ ጊዜ በጣም ደነገጥኩ፤ ከሱፉ በላይ የሰው እግር፣ ከሱፉ አጠገብ ደግሞ የነዳጅ መስመር ነበርና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከውድድር መኪና ወለል ሥር ፈሳሽ የሚመጥ ማንኛውንም ነገር አላስገባም። አሮጌ አስቤስቶስ ወረቀት አምጥተው «ይህ አይቃጠልም» የሚሉም አሉ፤ አለመቃጠሉ እውነት ነው፤ ብናኙ ግን ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር የሚያስከትል በመሆኑ ወደ ጋራዥ መግባት የለበትም።

ስሕተቴ የት እንዳለ የገባኝ አንድ እሑድ በመንዝ በኩል የጓሳ ሣር ክዳን ያለው ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ነው። ጓሳ ብርዱንም ፀሐዩንም የሚከለክለው ሣሩ ራሱ ልዩ ስለሆነ ሳይሆን በቀጫጭን አገዳዎቹ መካከል የተያዘው አየር ሙቀት በቀላሉ ስለማያስተላልፍ ነው። ሣሩን ረግጠው ቢጠቀጥቁት ክዳኑ ዋጋ ያጣል። እኔም ሱፉን ጠቅጥቄ፣ ቆርቆሮውን ከወለሉ አጣብቄ አየሩን አስወጥቼው ነበር። አየር ሙቀትን ከአሉሚኒየም ጋር ሲነጻጸር በብዙ ሺህ እጥፍ አሳንሶ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ዋናው መከላከያ ክፍተቱ ነው፤ የላሜራው ተግባር ክፍተቱን መጠበቅና ወላፈኑን መመለስ ነው።

ስለ ወላፈን ትንሽ ልጨምር። ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ፊቱ የሚለበለበው አየሩ ስለሞቀ ብቻ ሳይሆን ከፍሙ በቀጥታ በሚመጣው የማይታይ ጨረር ነው፤ በመካከል ሰፌድ ቢይዝ ወዲያው ይቀልለዋል። ከጋለ ቧንቧ ወደ ወለል የሚሄደው ሙቀት አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ ቧንቧው በጋለ ቁጥርም በእኩል መጠን ሳይሆን እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ይጨምራል። የቧንቧው ገጽ ከ400 ወደ 600 ዲግሪ ቢወጣ የሚተፋው ወላፈን በአንድ ተኩል ሳይሆን በ2.8 እጥፍ ያድጋል። ንጹሕና የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ከዚህ ጨረር ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ የሚሆነውን መልሶ ይወረውረዋል፤ የዛገ ወይም ጥቁር ቀለም የተቀባ ብረት ግን አብዛኛውን ይውጠዋል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራችው ማክላረን ኤፍ ዋን የሞተሯ ክፍል ውስጡ በስስ የወርቅ ቅጠል የተለበጠው ወርቅ ይህን ጨረር እጅግ በደንብ ስለሚመልስ ነው። ለእኛ አሉሚኒየም ይበቃል፤ ነገር ግን ወደ ቧንቧው የሚመለከተው ፊቱ ቀለም አይቀባ፣ በጭቃና በዘይትም እንዳይጠቁር ይታጠብ።

ለሁለተኛው ሥራ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ከሚሠሩ ባለሙያዎች 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ላሜራ ገዛሁ። ከዚህ የሳሳ በጠጠር ይበሳል፤ ከዚህ የወፈረ ክብደት ይጨምራል፣ በእጅም አይታጠፍም። በቀጥታ ላሜራውን ከመቁረጥ ይልቅ በመጀመሪያ መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ በጠንካራ የብረት ድጋፎች ላይ ካሳረፍኩ በኋላ (በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አይገባም) ከቢራ ካርቶን ናሙና ቆረጥኩ። ናሙናውን ለማስተካከል ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ላሜራው ላይ ግን አንድም ጊዜ አልተሳሳትኩም። ቅርጹ ከቧንቧው በላይ እንደ ተደፋ ገንዳ ሆኖ ጠርዞቹ በሁለቱም ጎን ከቧንቧው ውጭ ወደ አምስት ሴንቲ ሜትር ይዘልቃሉ፤ ወላፈን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ከቧንቧው ሆኖ ወለሉ የሚታይበት ቦታ ሁሉ ይሞቃል። ላሜራው በንዝረት እንዳይርገበገብ በእንጨት ላይ አስተኝቼ በድቡልቡል ብረት ርዝመቱን የሚከተሉ ሦስት ጎድጓዳ መስመሮች አወጣሁበት።

ክፍተቶቹን እንዲህ ወሰንኩ፦ ከቧንቧው እስከ ላሜራው 25 ሚሊ ሜትር፣ ከላሜራው እስከ ወለሉ 15 ሚሊ ሜትር። የመጀመሪያው ሰፋ ያለው ቧንቧው በጎሚኒ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ ሞተሩ ሲወዛወዝ አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ነው፤ ማርሚታውን በእጄ ወደ ላይና ወደ ጎን ገፍቼ ላሜራውን እንደማይነካ ሳላረጋግጥ ብሎን አላጠበቅሁም። ቧንቧው ወደ ወለሉ የተጠጋባቸውን ቦታዎች ለማስተካከል ማንጠልጠያዎቹን ወደ ታች ማውረድ ነበረብኝ፤ ባለመኪናው ድንጋይ ይመታዋል ብሎ ቢሰጋም ቧንቧው ከሻንሲው መስመር በታች እስካልወጣ ድረስ ይህ አያሳስብም።

ማሠሪያው የበለጠ ጥንቃቄ የጠየቀኝ ክፍል ነው። ላሜራው ከወለሉ ጋር በብረት ከተገናኘ ሙቀቱ በብሎኑ በኩል ይሻገራል፤ ስለዚህ የሚነካካበት ቦታ ጥቂትና ቀጭን መሆን አለበት። ለመላው ርዝመት ስድስት ብሎን ብቻ ተጠቀምኩ፤ ክፍተቱን ለመጠበቅም ከማይዝግ ብረት ቧንቧ የተቆረጡ የ15 ሚሊ ሜትር ቁርጥራጮችን በየብሎኑ አስገባሁ። የማይዝግ ብረት ሙቀት የሚያስተላልፈው ከተራው ብረት በሦስት እጥፍ ገደማ ባነሰ መጠን ነው። በአሉሚኒየሙ በሁለቱም ፊት ሰፋፊ ሮንዴላዎች አድርጌ፣ ከመካከለኛዎቹ በስተቀር ቀዳዳዎቹን በሊማ ወደ ርዝመት አስረዘምኳቸው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ይረዝማል፤ አንድ ሜትር ላሜራ በ150 ዲግሪ ሲሞቅ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ያድጋል፤ መሄጃ ካጣ ይጎብጥና ቧንቧውን ይነካል፣ ወይም ቀዳዳው ላይ ይሰነጠቃል። ዳዶዎቹ በንዝረት እንዳይፈቱ የሚነክሱ መሆን አለባቸው፤ ውስጣቸው ፕላስቲክ ያለባቸው ዓይነቶች ግን በግለት ስለሚቀልጡ ለዚህ ቦታ አይሆኑም። ወለሉን በትራፓኖ ከመብሳት በፊት ከላይ በኩል የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከታች በኩል የፍሬንና የነዳጅ መስመር አለመኖሩን በእጅ እየዳበሱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የፍሬኑ መስመር በቧንቧው አጠገብ አንድ ክንድ ያህል ተጉዞ ነበር። ሁለት ቀን ካሰብኩ በኋላ በላሜራ ከመሸፈን ይልቅ ወደ ሌላው ጎን አዛውሬ አሠርኩት። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ የሚቆይ ቢሆንም ከአየር ርጥበት እየሳበ ሲያረጅ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል፤ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ከጣርማ በር ቁልቁል በሚወርድ መንገድ ላይ ባዶ ፔዳል ምን ማለት እንደሆነ የአካባቢያችን አሽከርካሪ ሁሉ ያውቀዋል። ማራቅ የሚቻለውን ነገር መከለል አይገባም የሚል አቋም ያዝኩ። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለውድድር መኪኖች ባወጣው ደንብም የነዳጅ፣ የዘይትና የፍሬን መስመሮች ከድንጋይ፣ ከዝገትና ከእሳት እንዲጠበቁ ይጠይቃል።

ሥራውን ከጨረስኩ በኋላ ለመለካት ያደረግሁት ሙከራ በመጀመሪያ አሳስቶኛል። በኮሮና ወቅት በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደገን ከነበረው ጋር በአሠራሩ አንድ የሆነ፣ ከርቀት ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ተውሼ ወደ ላሜራው ብደግነው 48 ዲግሪ አሳየኝ። እጄን ባስጠጋ ግን አላስቀርብ አለኝ። እንዲህ ያለው መሣሪያ የሚያነበው ከዕቃው ገጽ የሚወጣውን ጨረር ነው፤ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ደግሞ ቢግልም ጨረር የሚተፋው ጥቂት በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። በላሜራው ላይ የሳንቲም ስፋት ያላት ጥቁር ቀለም ቀብቼ እሷን ስለካ ቁጥሩ ወደ 130 ወጣ። በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ የተነበበ ዝቅተኛ ቁጥር ብዙ ሰው ሊያዘናጋ ስለሚችል ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

በጉዞ ላይ ለመለካት ደግሞ ሌላ ዘዴ ተጠቀምኩ። ንጹሕ የማር ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ከንጹሕ ሰም ከተሠራ ጧፍ ጠብታ ወስጄ በመኪናዋ ውስጥ በወለሉ ላይ በሦስት ቦታ አንጠባጠብኩ፦ በአሽከርካሪው ተረከዝ ሥር፣ በረዳቱ እግር ሥርና ከኋላ ከማርሚታው በላይ። በላሜራው ላይ ደግሞ ሬዲዮ ጠጋኞች የሚበይዱበትን የእርሳስና የቲን ቅልቅል ሽቦ በየብሎኑ ላይ ጠመጠምኩ፤ እሱ የሚቀልጠው በ185 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሰሙ ከቀለጠ ወለሉ፣ ሽቦው ከቀለጠ ላሜራው ምን ያህል እንደሞቀ ዋጋ ያለው መሣሪያ ሳይገዙ ማወቅ ይቻላል።

ለሙከራው ከደብረ ብርሃን ተነሥተን በጣርማ በር ዋሻ አልፈን ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ድረስ ወረድን። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ቆላ በመሆኗ ወደ ላይ ሲመለሱ ሳያቋርጥ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ዳገት አለ፤ ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም። የመንገዱን ሕግ ጠብቀን፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሽቅብ እየወጣን በዳገቱ ላይ ያለችው ደብረ ሲና ደረስን። ወዲያው ወርጄ ሦስቱንም ጠብታዎች አየሁ፤ ሙሉ ነበሩ። ደስ ብሎን መኪናዋን አጥፍተን ቆሎ ልንገዛ ሄድን። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስንመለስ ከማርሚታው በላይ ያለው ሦስተኛው ጠብታ ቀልጦ ፈስሷል፤ ሁለተኛውም ዳር ዳሩን ለስልሷል።

ያልጠበቅሁት ነገር ይህ ነበር። መኪና ሲሄድ ነፋሱ በክፍተቱ ውስጥ እያለፈ ሙቀቱን ይወስደዋል፤ ሲቆም ግን ነፋሱ ይቋረጥና ማርሚታው በሰውነቱ ያከማቸው ግለት ሁሉ ወደ ላይ ይነሣል። ወለሉ ከሁሉ የበለጠ የሚሞቀው መኪናዋ ከቆመች ከአምስት እስከ ሃያ ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። የእኔ ላሜራ ደግሞ ከማርሚታው ፊት ላይ ያበቃ ነበር፤ የኋላው ጠርዝም ወደ ታች የታጠፈ በመሆኑ ሞቃቱን አየር እንደ ክዳን አፍኖ ይዞታል። ጋራዥ ተመልሼ ላሜራውን እስከ ማርሚታው ጫፍ አስረዘምኩ፤ የኋላውን ጠርዝ ከፊተኛው ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ክፍት ተውኩት፤ መኪናዋ ቆማም ቢሆን ሞቃቱ አየር በራሱ ወደ ኋላ እየወጣ ቀዝቃዛው ከፊት ይገባል። ከማኒፎልዱ በሚወርደው ቧንቧ አጠገብ ባለው ብሎን ላይ የነበረው ሽቦም ቀልጦ ስለነበር ያንን ክፍል በግማሽ ሚሊ ሜትር የማይዝግ ላሜራ ተካሁት፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቅለጥ እንጂ ከ200 ዲግሪ በላይ ጥንካሬው እየከዳ ይሄዳል። በሁለተኛው ጉዞ፣ በዚያው ቦታ ለሩብ ሰዓት ቆመን፣ ሦስተኛው ጠብታ ከመለስለስ አላለፈም። ባለመኪናውንም ከከባድ ዳገት በኋላ ወዲያው እንዳያጠፋ፣ ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ኮፈኑን ከፍቶ በዝቅተኛ ዙር እንዲያሠራት አስጠንቅቄዋለሁ።

የገለባን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በመኸር ወቅት በሰሜን ሸዋ መንገዶች ላይ የጤፍና የገብስ ገለባ ተበትኖ ይገኛል፤ የውድድር መስመርም ሲሆን በማሳ ዳር ማለፍ የተለመደ ነው። ገለባ በላሜራው ዙሪያ ባሉት ክፍተቶች ውስጥ ከተሰካ መከላከያው ራሱ የእሳት ማቀጣጠያ ይሆናል። ስለዚህ የላሜራውን የፊት ጠርዝ ወደ ወለሉ በጣም አስጠግቼ፣ አየር የሚገባበትን ጠባብ ክፍተት በወንፊት መሰል የማይዝግ ሽቦ ሸፈንኩት፤ ዝቅ ባሉት ቦታዎችም ውሃና ጭቃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች በሳሁ። በደረቅ ሣር ላይ መኪና ማቆም በማንኛውም መከላከያ ቢሆን የተከለከለ ይሁን፤ እሳት ማጥፊያውም ተቀምጠው በእጅ የሚደርሱበት ቦታ ላይ ይታሰር። ከሞተሩ ሥር የሚታሠረው ወፍራም የድንጋይ መከላከያም የሙቀቱን መውጫ እንዳይዘጋ የኋላ ጠርዙ ክፍት መሆን አለበት፤ የዚህች መኪና ተዘግቶ ስለነበር አንድ መዳፍ ያህል ቆርጬ አነሣሁለት።

መኪናዋ ከዚያ በኋላ ሁለት ውድድር አድርጋ ስትመለስ በአራተኛው ብሎን ዙሪያ የጥፍር ርዝመት ያላት ስንጥቅ አገኘሁ። ቀዳዳውን በደንብ ስላላስረዘምኩት ነበር። የስንጥቁን ጫፍ በሦስት ሚሊ ሜትር መብሻ በስቼ እንዳይሄድ አቆምኩት፤ ከላዩም የአሉሚኒየም ቁራጭ በሪቬት አሠርኩበት። አሁን ከየውድድሩ በኋላ የኋላዎቹን ሁለት ብሎኖች ፈትቼ፣ ላሜራውን ትንሽ ዝቅ በማድረግ በመካከሉ የገባውን ጠጠርና ገለባ በውሃ አጥባለሁ፤ የሚያብረቀርቀውን ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ፤ የየብሎኑን ዙሪያ በባትሪ መብራት እያየሁ በጣቴ እዳብሳለሁ፤ ከማርሚታው በላይም አዲስ የሰም ጠብታ አንጠባጥቤ ለባለመኪናው አስረክባለሁ።